በስባሽ ፕላስቲክ ጥንካሬውን ከየት ያገኛል?



በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ «ታዲያ በምን እንተካው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከመልሶቹ አንዱ ከስታርች የሚሠራ፣ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ስስ ፕላስቲክ ነው። ይሁን እንጂ ከአንድ ዓይነት ስታርች ተሠርቶ አንዱ እንደ ደረቅ ቅጠል ሲሰበር ሌላው ይለጠጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው አሠራሩ ነው።

እኛም በቤተ ሙከራ ሞክረነዋል። ከድንች ያወጣነውን 10 ግራም ስታርች በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠን፣ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ግሊሰሪን ጨምረን እሳት ላይ አማሰልነው። ከዚያም ትሪ ላይ በስሱ አፍስሰን አደረቅነው። የመጀመሪያው ተሰነጣጠቀብን። ምክንያቱን ለመረዳት ሦስት ነገሮችን ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ሙቀት። የስታርች ቅንጣት ውሃ ውስጥ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይፈርሳልም። ረጃጅም ሞለኪውሎቹም ወጥተው እርስ በርስ ይያያዛሉ። እናቶቻችን አብሲት ሲጥሉ የሚሆነው ይኸው ነው። በደንብ ሳይበስል ከወረደ ግን አይያያዝም፤ ሲጎትቱት ይፈረፈራል።

ሁለተኛ፣ ግሊሰሪን። በሞለኪውሎቹ መካከል ገብቶ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል። ያለ እሱ ፕላስቲኩ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ሲበዛ ደግሞ ይለጠጣል እንጂ ክብደት አይችልም። ስለሆነም አንዱን ስንፈልግ ከሌላው እናጣለን ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አደራረቅ። የኛ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር፤ ቸኩለን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ላዩ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለነበር ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን አቆየነውና ሳይቀደድ ተላቀቀ። ስናማስል የሚገባ የአየር አረፋም የሚበጠስበትን ቦታ ስለሚፈጥር ቀስ ብሎ ማማሰል ይበጃል።

ይህ ማለት ግን የፌስታል ነገር አለቀለት ማለት አይደለም። የስታርች ፕላስቲክ ውሃ ሲነካው ይላላል፣ ሲቆይም እንዳደረ ዳቦ ይደርቃል።

ጥንካሬውን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እኩል ስፋትና ውፍረት ያላቸውን ቁራጮች ሰቅሎ ከታች ጣሳ ማንጠልጠል፣ እስኪበጠሱም አሸዋ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። የተለጠጠውን በማስመሪያ፣ አሸዋውን ከነጣሳው በሚዛን እንለካለን። ነገ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ብንመደብ እንኳ ድንች፣ ጣሳና አሸዋ አናጣም። «መሣሪያ የለም» ብለን ሳይንስን በጠመኔ ብቻ እንዳናስተምር ከአሁኑ እንለማመድ!