የኦሞ ውኃና የዳሰነች ኑሮ

ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ በኩል ወደ ኦሞራቴ የሚወርድ መንገደኛ፣ የአሪን ለምለም ደጋ ወደ ኋላው ትቶ፣ ዝናቡ ጥቂት ሐሩሩም ብርቱ ከሆነው የዳሰነች ሜዳ ሲደርስ፣ በዚያ ስፍራ ሰውና ከብት የሚኖሩት ከሩቅ ደጋ ተጠራቅሞ በሚመጣው በኦሞ ወንዝ መሆኑን ያስተውላል።

ከአበው ዘመን ጀምሮ የወንዙ ሙላት በረከትም ነበር። ውኃው በክረምት ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ካለበሰ በኋላ ሲሸሽ፣ ገበሬው ያልደረቀውን ደለል በሾለ እንጨት እየወጋ በየጉድጓዱ ጥቂት የማሽላ ፍሬ ይጥላል፤ ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባይጥል እንኳ ደለሉ ያቆረው እርጥበት አዝመራውን ለፍሬ ያበቃዋል፤ ሣሩም ለምልሞ ለበጋ ግጦሽ ይሆናል። ሲሳዩ በውኃ ዳር የሆነን ሕዝብ ከውኃው ርቀህ ኑር ማለት እንግዲህ ቀላል ምክር አይደለም።

ነገር ግን በነሐሴ 1998 ዓ.ም፣ የድሬዳዋው ጎርፍ ሐዘን ገና ሳይበርድ፣ ኦሞ ከልማዱ አልፎ መንደሮችን ዋጠ፤ 364 ሰዎች መሞታቸው ተነገረ፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ከብቶች ሰጠሙ፤ በውኃ ተከበው የቀሩትንም በሄሊኮፕተርና በሞተር ጀልባ ማውጣት ግድ ሆነ። ኋላም 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ የወንዙ ፍሰት በልክ ሆነ፤ ይሁን እንጂ ማሽላውን ያበቅል የነበረው ዓመታዊ ሙላትም አብሮ ቀነሰ። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ፣ መውጫ የሌለውና አብዛኛውን ውኃውን ከኦሞ የሚያገኘው የቱርካና ሐይቅ እየሞላ፣ ወንዙም በብርቱ ዝናብ ከዳርቻው እየወጣ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቀለ። የቀድሞው ሙላት ደለሉን ትቶ ይሄድ ነበር፤ ይህኛው ግን በግጦሹ ላይ እንደ ተኛ ይከርማል።

የርዳታው ጥያቄም ከዚህ ይመነጫል። እህል፣ ዘይትና ሸራ ጭኖ የሚደርሰው መኪና ነፍስ ያድናልና ምስጋና ይገባዋል፤ ዳሩ ግን ለጥቂት ወራት የታሰበ ስንቅ፣ መሬቱ ለዓመታት በውኃ ሥር ለቀረበት ሰው ኑሮውን አይመልስለትም። በዳሰነች ዘንድ ከብቱን ያጣ ሰው ወደ ወንዝ ወርዶ ዓሣ ያጠምዳል፤ ይህም የድኻ መተዳደሪያ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ስለዚህ ከእህሉ ጋር ፍየል፣ የከብት መኖና ክትባት፣ የማሽላ ዘር፣ ለአጥማጁም ጀልባና መረብ ሊታሰብለት ይገባል፤ የአዲሱ ሰፈር ቦታም የውኃውን ጠባይ ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ጋር ተመክሮ ይመረጥ።

ማስጠንቀቂያውም ቢሆን የሰሚውን ቋንቋ የሚሻ ነው። በደጋ የዘነበው ዝናብና ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ ኦሞራቴ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳልና፣ ያ ጊዜ ወሬው በዳሰነችኛ በየመንደሩ ተዳርሶ ከብቱ ወደ ከፍታ የሚነዳበት ሊሆን ይችላል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ የአደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽንም፣ ክልሉም፣ ለጋሹም ገንዘባቸውን ከጎርፉ በፊት ለዚህ ቢያውሉት፣ በ1998 ዓ.ም የሞቱትን ወገኖች ማሰባችን በሥራ የተገለጠ ይሆናል።