የዒድ ኬክና የድሃው ድርሻ

በሸኮ፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ብዙዎቻችን ለዒድ ድርብርብ ኬክ የምንጋግረው በሶዳ ነው። ለሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይበቃል፤ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሶዳ ኮምጣጣ ነገር ካላገኘ በደንብ አይነፋም፤ ስለዚህ አንድ ኩባያ እርጎ እንጨምርበታለን። እርጎው እንደነካው አረፋ ስለሚያወጣ፣ ሊጡ ሳይቆይ ወደ ጋለው ምድጃ ይግባ። የተወቀጠ ኮረሪማ ሊጡ ውስጥ፣ የአገራችን ማር ደግሞ በድርቦቹ መካከል ያምርበታል።

ውድ ቤተሰቦች! ለኬኩ ዱቄት ከመስፈራችን በፊት ዘካተል ፊጥርን እንስፈር። ለእያንዳንዱ ነፍስ፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ አንድ ሷዕ ማለትም አራት እፍኝ እህል ከዒድ ሶላት በፊት ለሚስኪን ይድረስ። ኬክ ምትኩ አይሆንም። ጎረቤት ጦሙን አድሮ የሚቆረስ ኬክ ምን ጣዕም አለው? ዒድ ሙባረክ።