በጅቡቲ ከተማ አሮጌው ቤተ ጸሎትና አዲሱ መንበር

የጅቡቲ ከተማ በፈረንሳዮች የተቆረቆረችው በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1897 ዓ.ም. የተጀመረው ሐዲድ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ሹማምንት፥ የባቡር ሠራተኞችና ነጋዴዎች ከየአገሩ በወደቡ ተሰበሰቡ። ሰው በተሰበሰበበት ስፍራ የጸሎት ቤት መፈለጉ አይቀርምና ካቶሊካውያኑ በቅድስት ዣን ዳርክ ስም የምትጠራ ቤተ ክርስቲያን ነበረቻቸው።

የጥንቷ ጅቡቲ ግንበኞች ከባሕር የሚወጣውን የኮራል ድንጋይ በኖራ እያያያዙ፥ ግድግዳውን አወፍረው፥ ቅስት ያለው በረንዳ ያወጡለት ነበር። ይህም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን፥ በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈውን ሙቀት ለመከላከል የታሰበ ጥበብ ነው።

በትርጉም ሥራችን «ካቴድራል» የሚለው ቃል ሲያጋጥመን ብዙ ጊዜ «ትልቅ ቤተ ክርስቲያን» ብለን እናልፈዋለን። የቃሉ ሥር ግን ወንበር ማለት ነው፤ ስሙን የሚያሰጠው የኤጲስ ቆጶሱ መንበር እንጂ የግንቡ ቁመት አይደለም። በ1914 ዓ.ም. በሐዋርያዊ አስተዳደር ደረጃ የተቋቋመው የጅቡቲ ካቶሊካዊ ክፍል በ1955 ዓ.ም. ወደ ሀገረ ስብከትነት ከፍ ሲል፥ ከተማይቱ ለመንበሩ የሚገባ ቤት አስፈለጋት። በመሆኑም በፈረንሳዊው አርክቴክት በዦዜፍ ሙለር ንድፍ የመልካም እረኛ እመቤታችን ካቴድራል በሬፑብሊክ ጎዳና ታንጾ በ1964 ዓ.ም. ተባረከ፤ አሮጌዪቱም ስፍራዋን ለቀቀች።

ከ13 ዓመት በኋላ፥ በ1977 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻ ወጣች። ለቅኝ ገዥ ሹማምንት የታነጸው ቤት ዛሬ በአብዛኛው ከልዩ ልዩ አገር ለሥራ የመጡ ምእመናን የሚጸልዩበት ሆኗል። ግንቡ ያው ነው፤ የሚገባበት ሕዝብ ግን ተለወጠ።

በዚያችው ከተማ በ20ኛው ምእት ዓመት መባቻ በአንድ ነጋዴ ገንዘብ የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ የሠሪውን ስም እንደያዘ እስከ ዛሬ ቆሟል። የቅድስት ዣን ዳርክ ስም ግን ከጎዳናው ጠፍቷል። አዲስ መሥራት የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚነቀፈው ልኩን ሳይወስዱ፥ ሥዕሉን ሳያነሡ ማፍረስ ነው። ሹም ፈቃድ ከመፈረሙ፥ ነጋዴም ቦታውን ከመግዛቱ በፊት አሮጌው ቤት በመዝገብ ይግባ፤ ወጪው ጥቂት ነው፥ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ግን በምንም ገንዘብ አይገኝም።