ዝናብ የጣለው ጨረር፦ ከቼርኖቤል በኋላ የብሪታንያ በግ ገበያ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ፣ የሰሜን ዌልስና የከምብሪያ በግ አርቢዎች ከቦታው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቁ ነበር። ርቀቱ አላዳናቸውም። በሜይ መጀመሪያ ጨረር ያዘለው አየር በተራሮቻቸው ላይ ሲያልፍ ከባድ ዝናብ ወረደ።

ደረቅ አየር ብናኙን በዝግታ ነው የሚያራግፈው፤ ዝናብ ግን በሰዓታት ውስጥ አጥቦ መሬት ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ አንዱ ሸለቆ ሲበከል ዝናብ ያላገኘው ጎረቤቱ ብዙም ሳይነካ ሊቀር ይችላል። በካርታ ላይ ከፍንዳታው ቦታ ዙሪያ ክብ እየሳሉ አደጋን መገመት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

መሬት ከደረሰ በኋላ ደግሞ ዝናብ ሌላ ሥራ ይሠራል። ከቅጠል ላይ ያጥበዋል፣ ወደ አፈር ያሰርገዋል፤ አፈሩም ከላይ የሚሰማውን ጨረር በከፊል ይከልላል። ጎርፍ ይዞት ከሄደ ግን ውኃ በሚያቁርባቸው ዝቅተኛ ቦታዎች ይከማቻል። አዮዲን-131 በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ ቶሎ ይጠፋል። ለከብት ነጋዴ የሚያሳስበው በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ገደማ የሚፈጀው ሲዚየም-137 ነው። ሸክላማ አፈር ሲዚየምን አጥብቆ ስለሚይዘው ሣሩ ብዙም አያገኘውም። የዌልስና የከምብሪያ ተራሮች አፈር ግን እርጥብ፣ አሲዳማና ብስባሽ የበዛበት ነው፤ ሲዚየሙን ለሣሩ፣ ሣሩም ለበጉ በየዓመቱ ይመልሰዋል።

መንግሥት በጁን 1986 እገዳ ሲጥል ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ መስሎት ነበር። በኪሎ ሥጋ ከ1,000 ቤክሬል በላይ የተገኘበት በግ ለእርድ አይቀርብም ነበር። መለኪያው በቁም በጉ ላይ ተደግፎ ይነበብ ነበር፤ ከወሰኑ ያለፈው በግ ቀለም ይቀባ ነበር። የተቀባውን በግ ወደ ቆላ ንጹሕ ግጦሽ ማውረድ ይቻል ነበር፤ እዚያ በሳምንታት ውስጥ ሲዚየሙ ከሰውነቱ ይወጣል። የገበያ ቀን ግን ያልፍ፣ የግጦሽ ወጪ ይጨመር፣ የገዢው ጥርጣሬም ዋጋ ይቆርጥ ነበር። ለምርመራው ጣጣ ለባለቤቱ ይከፈል የነበረው ካሳ በአንድ በግ 1 ፓውንድ ከ30 ሳንቲም ነበር፤ ለእረኛው የቀን ድካም እንኳ የሚበቃ አይመስልም።

የመጨረሻዎቹ እገዳዎች የተነሡት በ2012 ነው፣ ከ26 ዓመት በኋላ። እስከዚያ ድረስ ከ300 በላይ እርሻዎች፣ አብዛኞቹ በሰሜን ዌልስ፣ በጋቸውን ሳያስለኩ መሸጥ አይችሉም ነበር።