ላጉን በመዶሻ አትቀጥቅጡት!

ሳንቃ በር አካባቢ አንድ የሶላር ባትሪ ሳጥን ከፍቼ አየሁ። የወፍራሙ ኬብል ላግ (ጫፉ ላይ የሚገባው የማያያዣ ቱቦ) በመዶሻ ተጠፍጥፏል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ጠቁሯል። ኬብሉን ትንሽ ስስበው ከላጉ ወጣ!

ወገኖቼ፣ 2000 ዋት የሚሰጥ ኢንቨርተር ከ12 ቮልት ባትሪ የራሱ ብክነት ሳይቆጠር ወደ 170 አምፔር ይስባል። ላጉ ውስጥ 1 ሚሊኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖር፣ እዚያች ጫፍ ላይ 29 ዋት ገደማ ሙቀት ይፈጠራል። መዶሻ ቱቦውን ይጠፈጥፈዋል እንጂ የሽቦ ክሮቹን እኩል አያጣብቅም፤ መሃላቸው አየር ይቀራል። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የላግ መጭመቂያ ከሌላችሁ በብሎን የሚጠብቅ ላግ ግዙ። ቁጥሩ ከኬብሉ ውፍረት ጋር ይግጠም። መጀመሪያ ባትሪውን ለዩ፣ ክሮቹን በብሩሽ አጽዱ፣ አንድም ክር ሳትቆርጡ እስከ ቱቦው መጨረሻ አስገቡ፣ ብሎኑን አምራቹ ባለው ልክ አጥብቁ። በሊድ ብቻ መበየዱን አልመክርም፤ የተለመደው ሊድ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ ግንኙነቱ ሲግል ይለቃል። ለአሉሚኒየም ኬብል ደግሞ ለአሉሚኒየም የተሠራ ላግ ያስፈልጋል።

ይህም ካልተገኘ ሥራውን አቁሙና ደባርቅ ወይም ጎንደር ካለ ባልደረባ ሃይድሮሊክ መጭመቂያ ተዋሱ። እባካችሁ፣ አንድ ቀን ጨለማ ማደር ይሻላል።