ሽንት የሚያመልጠው ሰው ከቤት እንዳይቀር

ከፋርማሲ የተገዛ አንድ የአዋቂ ፓድ በመቀስ ተከፍቶ ሲታይ ውስጡ ተራ ጥጥ ይመስላል። ወረቀት ላይ ሲያራግፉት ግን እንደ ጨው የሚሻክር ደቃቅ ነጭ ፍሬ ይረግፋል። ከዚህ ፍሬ አንድ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ጨምረው ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ቢያፈሱበት፣ ብዙም ሳይቆይ ውኃው ይጠፋና በቦታው ወፍራም ዝልግልግ ነገር ይቀራል። ብርጭቆውን ቢደፉት አይፈስም። ሽንታቸው የሚያመልጣቸው ሰዎች ሠርግ፣ ቢሮና ገበያ ውለው ልብሳቸው ሳይርስ እንዲመለሱ ካስቻሉት ነገሮች ዋናው ይህ ፍሬ ነው።

መጀመሪያ የታሰበው ግን ለእርሻ ነበር። በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች አፈር እርጥበቱን ይዞ እንዲቆይ የሚረዳ ነገር ሲፈልጉ፣ ስታርች የተቀላቀለበት ውኃ የሚውጥ ውህድ ሠሩ። የጃፓን ፋብሪካዎች ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዚሁን ዓይነት ውህድ በወር አበባ ፓድና በዳይፐር ውስጥ መጠቀም ጀመሩ። ዛሬ ፓዶች ውስጥ ያለው ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ይባላል። ንጹሕ ውኃ ሲያገኝ የክብደቱን ብዙ መቶ እጥፍ ይውጣል። ሽንት ጨው ስላለበት አቅሙ በጣም ይቀንሳል፣ ከ30 እስከ 50 እጥፍ አካባቢ ይወርዳል። ያም ሆኖ 10 ግራም የማይሞላ ፍሬ አንድ ብርጭቆ ሽንት ይይዛል፤ ቢቀመጡበትም መልሶ አይለቀውም። ከእሱ በፊት የነበሩት ፓዶች ወፍራም ነበሩ፣ ሲቀመጡባቸውም የያዙትን ይተፉ ነበር።

ፍሬው ብቻውን አይሠራም። ሰውነትን የሚነካው ስስ ጨርቅ ሽንቱን ወዲያው ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው ንጣፍ ደግሞ ሽንቱ አንድ ቦታ እንዳይከማች ወደ ዳርና ዳር ይበትነዋል። ከዚያ ፍሬና የእንጨት ጭረት የተቀላቀለበት እምብርቱ ይቀበለዋል፤ መጨረሻ ላይ ልብስ እንዳይርስ የሚከለክል ላስቲክ አለ። የወር አበባ ሞዴስ ግን ለሽንት አይበቃም። የወር አበባ ደም ዝግ ብሎ በጥቂት በጥቂቱ ይወርዳል፣ ሽንት ግን በአንድ ሳል እንኳ ፈጥኖ ይመጣል። ሞዴሱ ሊውጠው ሳይደርስ በጎን ያመልጣል። ብዙ እናቶች ሞዴስ ሞክረው ልብሳቸው ሲርስ ለእነሱ የሚሆን ነገር የሌለ መስሏቸው ተስፋ ይቆርጣሉ። ሁለት ፓድ መደረብም አያዋጣም፤ የላይኛው ላስቲክ ስላለበት ሽንቱ ወደ ታችኛው አይደርስም፣ ትርፉ ማበጥ ብቻ ነው። የሚሻለው መጠኑን መምረጥ ነው። ሲያስሉ ጠብታ ለሚያመልጣቸው ስስ ፓድ፣ ድንገት ብዙ ለሚያመልጣቸው እንደ ሙታንታ የሚለበስ ዳይፐር አለ። ለወንዶች ከፊት ሰፋ ያለ የራሳቸው ቅርጽ ያለው ፓድ ይሠራል። ዋጋው ከከበደ፣ የሚታጠብና በፀሐይ የሚደርቅ የጨርቅ ፓድ ከላስቲክ መከለያ ጋር ለቀላሉ ፍሳሽ ያገለግላል።

ፓድ ግን ይዞ ያውላል እንጂ አያድንም። ለመዳን ሽንቱ ለምን እንደሚያመልጥ ማወቅ ያስፈልጋል፣ መንገዱም ከአንድ በላይ ነው። የአዋቂ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሲሞላ አንጎል “ቆይ” ይለዋል፤ ከሥሩ ያለው የዳሌ ወለል ጡንቻ ደግሞ ቧንቧውን ጨብጦ ይይዛል። በወሊድ፣ በዕድሜ፣ በውፍረት ወይም ከባድ በመሸከም ይህ ጡንቻ ሲላላ ሰው ሲስቅ፣ ሲያስነጥስ፣ እንስራ ሲያነሳ ሽንት ያመልጠዋል። ፊኛው ራሱ ሳይሞላ ሲኮማተር ደግሞ ሽንት ያጣድፋል፤ ቁልፉን በሩ ውስጥ እንዳስገቡ ያመልጣል። ፕሮስቴታቸው ያበጠ ወንዶችና ስኳር ነርቫቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ሌላ ችግር አለባቸው። ፊኛቸው በደንብ ባዶ አይሆንም፣ ሞልቶ ይተርፍና ጠብ ጠብ ይላል። ለእነዚህ ፓድ ብቻ ይዞ መክረም አደጋ አለው፤ ሞልቶ የሚቆይ ፊኛ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

በአገራችን የተለመደው መፍትሔ ውኃ አለመጠጣትና ከቤት አለመውጣት ነው። ሁለተኛው ሰውን ከዕድሩ፣ ከማኅበሩ፣ ከቅዳሴው ይነጥለዋል። የመጀመሪያው ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። ውኃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፣ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጠዋል፣ የተቆጠቆጠ ፊኛ ይበልጥ ያጣድፋል። ሆድ ድርቀትም ይመጣል፤ የተሞላ አንጀት ፊኛን ይጫነዋል፣ ማማጡም ያንኑ የላላ ጡንቻ ያዳክማል። መቀነስ ያለበት ውኃ ሳይሆን ቡናና ሻይ ነው፣ በተለይ ከመንገድ በፊት። ሦስቱን የቡና ዙር ተዉ ማለት ለእኛ ሰው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ከቤት በሚወጡበት ጠዋት ከአቦሉ ላይ ማቆም ግን ይቻላል።

አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 ስለ ዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ ጽፎ ነበር፤ ዛሬም ለላላው ጡንቻ መጀመሪያ የሚታዘዘው ይኸው ልምምድ ነው። ጡንቻውን ለማግኘት ሰው መካከል ተቀምጠው አየር እንዳያመልጥዎ ሲይዙ የሚጨብጡትን ያስተውሉ፤ እሱ ነው። ሆድን፣ ቂጥንና ጭንን ሳያጠብቁ፣ ትንፋሽም ሳይይዙ እሱን ብቻ ወደ ላይ ስብስብ አድርጎ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ያንኑ ያህል መልቀቅ። በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። ታክሲ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ ቡና እየተቆላ ሊሠራ ይችላል፤ ማንም አያውቅም። ብዙዎች ለውጥ አላየንም ብለው በሁለተኛው ሳምንት ይተዉታል፤ ጡንቻው ግን ቢያንስ 3 ወር ይፈልጋል። ሳል ወይም ማስነጠስ መጣሁ ሲል ቀድሞ መጨበጥን ከለመዱ ግን ልዩነቱ ቶሎ ይሰማል።

ለሚያጣድፈው ፊኛ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ፣ እሱም ሰው ከሚያደርገው ጋር ይቃረናል። ሽንት ሲያጣድፍ መሮጥ ያስመልጣል፣ ምክንያቱም ሩጫው ፊኛን ያናውጠዋል። ባሉበት መቆም ወይም መቀመጥ፣ ጡንቻውን ቶሎ ቶሎ አምስት ስድስት ጊዜ መጨበጥ፣ ሐሳብን ወደ ሌላ ነገር ማዞር። ጥድፊያው ይመጣል፣ ይበረታል፣ ከዚያም ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ቀስ ብሎ ወደ ሽንት ቤት መሄድ። ፊኛውም ይለምዳል። በየሰዓቱ የሚሸና ሰው 15 ደቂቃ፣ ከቀናት በኋላ ሌላ 15 ደቂቃ እየጨመረ ወደ 3 ሰዓት ልዩነት ሊደርስ ይችላል። ለማንኛውም እያሉ በየግማሽ ሰዓቱ መሽናት ግን ፊኛን ትንሽ እንዲይዝ ያስለምደዋል።

ከቤት ውጭ ስላለው ነገር ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ሰው በጣም የሚፈራው ሽታን ነው። አዲስ ሽንት ብዙም አይሸትም፤ የሚሸተው ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ሲቀይረው ነው፣ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሽቶ መርጨት ሳይሆን ፓዱን በጊዜ መቀየር፣ ቆዳን በለብ ባለ ውኃ ማጠብና ማድረቅ ነው ሽታን የሚያስቀረው። ቆዳ እንዳይላጥ ስስ ቫዝሊን መቀባት ጥሩ ነው፤ ከበዛ ግን ፓዱ ላይ ተለጥፎ መምጠጡን ይከለክላል። በቦርሳ ውስጥ ሁለት ፓድ፣ አንድ ሙታንታ፣ እርጥብ መጥረጊያና የማያሳይ ፌስታል ከተያዘ ይበቃል። ጥቁር ወይም ጥለት የበዛበት ልብስ እርጥበት አያሳይም። ያገለገለ ፓድ ተጠቅልሎ በፌስታል ወደ ቆሻሻ መጣያ እንጂ ወደ ሽንት ቤት አይጣልም፤ ውኃ እየሳበ ያብጥና ቧንቧውን ይዘጋል።

ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚሄድ ሰው ከኮሪደሩ ጎን መቀመጫ ይያዝ፣ አስቀድሞም ለረዳቱ ዝቅ ባለ ድምፅ “ሕመም አለብኝ፣ መቆም ካስፈለገኝ እነግርሃለሁ” ይበለው። ረዳቶች ከምናስበው በላይ ይረዳሉ። ለወንዶች እንደ ኮንዶም የሚለበስ፣ ቱቦው እግር ላይ ከታሰረ ከረጢት ጋር የሚያያዝ መሣሪያ አለ፤ ሰፋ ባለ ሱሪ ሥር አይታይም። ልኩ ካልሆነ ግን ይላቀቃል ወይም ይጎዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በነርስ ይለካ። ለልብ ወይም ለደም ግፊት እንደ ላሲክስ ያለ መድኃኒት የሚወስዱም በጉዞ ቀን ሰዓቱን ስለማዛወር ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ በራሳቸው ግን አይተዉት።

ብዙዎችን ከቤት የሚያስቀረው የአምልኮ ጉዳይ ነው። በእስልምና ሽንቱ ሁልጊዜ ለሚያመልጠው ሰው ሊቃውንቱ ማቃለያ ሰጥተዋል፤ የብዙዎቹ ብያኔ ራሱን አጽድቶና ጠብቆ፣ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ አድርጎ እንዲሰግድ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን ደግሞ በራሱ ፈርዶ ከቅዳሴ ከመቅረቱ በፊት ለነፍስ አባቱ ይንገር። ሕመም ነው፣ እንደ ሕመም ይነገራል።

ሐኪም ጋ ሳይዘገዩ መሄድ የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች አሉ፦ ሽንት ውስጥ ደም፣ ማቃጠልና ትኩሳት፣ የእግር መዛልና የብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት። ከከባድ ምጥ በኋላ ሌት ተቀን ያለማቋረጥ የሚወርድ ሽንት ደግሞ የፌስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ፣ ምልክት ነው፤ በልምምድ አይድንም፣ በቀዶ ሕክምና ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1974 የመሠረቱት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ባሉት ቅርንጫፎቹም ጭምር፣ ፌስቱላ ያለባቸውን ሴቶች በነፃ ያክማል። ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላም አንዳንዶቹ ሲያስሉ ወይም ሲነሱ ሽንት ያመልጣቸዋል፤ እነሱም ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ወላጆቻችሁን አሜሪካ አምጥታችሁ የምትጦሩ፣ መደበኛው ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) የፓድና የዳይፐር ወጪ እንደማይሸፍን፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ያለው) ግን በብዙ ግዛቶች በሐኪም ትእዛዝ እንደሚሸፍን እወቁ። በእስራኤል ያላችሁም ለአረጋውያን የሚሰጠው የብሔራዊ መድን የእንክብካቤ ድጋፍ ፓድና ዳይፐር ሊያካትት ስለሚችል ጠይቁ።

ልጆች ሆይ፣ እናታችሁ ጉዞ መጥላት ከጀመረች፣ አባታችሁም ለቅሶ ቤት እንኳ አልሄድም ካለ፣ ሰው ሳይኖር ለብቻ ጠይቁ፤ “እማዬ፣ ሽንት ያስቸግርሻል እንዴ? መድኃኒት አለው እኮ” ማለት ይበቃል። ፋርማሲ የምትሠሩም፣ ዳይፐር የጠየቀውን ሰው ወረፋው ፊት “ለማን ነው?” አትበሉት፤ ወደ ጎን ጠርታችሁ መጠኑን አስመርጡት፣ ሐኪም እንዲያየውም ንገሩት።