የቮልሱን ሞተር ምን እናድርገው?

ቄራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቮልስ የኋላ ክዳኗ ተነሥቶ ከታየች፣ ባለቤቱና መካኒኩ በምን እንደሚከራከሩ መገመት አያስቸግርም። ሞተሩ ደክሟል። ዘይት ይበላል፣ ዳገት ላይ ይለምናል፣ ጠዋት ሲነሣ ያጨሳል። መካኒኩ «ይሄን አውርደን ሌላ እንጫንላት» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ መኪናዋ የአባቱ ስለነበረች እጁ አይፈታም። ክርክሩን ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው ወይ ስሜት ነው ወይ ኪስ። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት መለኪያ ይቅደም፣ ከመለኪያው ቀጥሎ ሊብሬው ይታይ ባይ ነኝ።

ድሮ ነገሩ ይህን ያህል አይከብድም ነበር፤ ሞተር ካስቸገረ መኪናውን ሸጦ፣ ትንሽ ጨምሮ፣ ሌላ ያገለገለ መግዛት ይቻል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያ ላይ የቦታ ጣጣ አለ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ሰፊ ግቢ የለመደ ስንት ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም ገባ። ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሶ ለዓመታት የተቀመጠ ሞተር አራተኛ ፎቅ ላይ አይወጣም። «ይቀመጥና በኋላ እናስብበታለን» የሚለው መልስ እንደ ድሮው አይሠራም፤ ቁራሌውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

መለኪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነውና። ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየሲሊንደሩ የኮምፕሬሽን መለኪያ ሲገባ የሚነበበው ቁጥር ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር ይነጻጸራል። መጽሐፉን የጻፉት የቮልፍስቡርግ ሰዎች ናቸው። ቮልፍስቡርግ ከባሕር ወለል 60 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ እዚያ 120 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 90 ገደማ ቢያሳይ አይገርምም። ይህን ያላሰበ መካኒክ ደህናውን ሞተር «አልቆለታል» ብሎ ይፈርድበታል። ጉልበቱም እንደዚሁ ነው፤ ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት የሰጠው ባለ 1200 ሞተር እንጦጦን የሚወጣው በ26 ገደማ ነው። ዳገት ላይ የሚለምነው በከፊል ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ነው፤ ሞተሩ ላይ ብቻ አይፈረድም።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ይታይ። ሦስቱ 90 አካባቢ ሆነው አንዱ 55 ከሆነ ችግሩ ያ አንዱ ጋ ነው። በድሮ ቮልሶች ደግሞ ብዙ ጊዜ 3ኛው ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የነፋሱ መንገድ ላይ ስለቆመበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፣ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ የታችኛውን ፑሊ መያዝና ወደፊትና ወደኋላ መግፋት መጎተት ነው። ለኮሎው የሚፈቀድለት እንቅስቃሴ ከ0.15 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ «ቋ ቋ» የሚል ከሆነ ማረፊያው ተበልቷል።

ውሳኔው የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። የቮልስ ሲሊንደሮች ከሞተሩ ቤት ጋር አንድ ላይ የተቀረጹ ስላልሆኑ አራቱም ለየብቻ ይፈታሉ። ሲሊንደሩ፣ ፒስተኑና ፋሻው አብረው በአዲስ ይተካሉ፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሠራል፣ ሞተሩም ይመለሳል። ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራው ቤቱ ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሁለቱ ግማሾች ጥንድ ሆነው ስለተሞረዱ አንዱን ከሌላ ሞተር አምጥቶ ማጋባትም አይሆንም። ቤቱ ደህና እስከሆነ ድረስ እኔ አላመነታም፤ ያው ሞተር ይታደስ።

ቤቱ ካልዳነ ሌላ ይገባል። ለዚህ ቮልስን የሚያህል የለም፤ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በ4 ብሎን ብቻ ነው። 1,192 ሲሲው ወጥቶ 1,584 ሲሲው ቢጫን ከፍታው የነጠቀው ጉልበት ይመለሳል። ነገር ግን 6 ቮልት በሆኑት የድሮዎቹ ላይ ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ክብ ብረት 109 ጥርስ ሲኖረው የ12 ቮልቱ 130 አለው። ሰፊው እንዲገባ የካምቢዮው ቤት ይሞረዳል፣ ሞተሪኖውም ይታሰብበታል። ፍሬኗም ለ34 ፈረስ የተሠራ መሆኑን መካኒኩ አይነግራችሁም። ኮሮላ ዲኤክስ ያላቸው ሞተር በመቀየር ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ 4ኬ የተባለው ሞተር ወጥቶ 5ኬ የተባለው ሲገባ ብዙ ጣጣ የለውም።

አሁን ወደ ሊብሬው። ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ለየብቻ ተጽፈዋል። የቮልስ ሞተር ቁጥር የተመታው ከዲናሞው መቆሚያ ሥር፣ በሞተሩ ቤት ላይ ነው። ፒስተኑ፣ ቴስታታው፣ ኮሎው ሳይቀር ቢቀየር በወረቀት ያው ሞተር ነው። ቤቱ ከተቀየረ ግን መኪናዋ ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ቁጥሩ አይገጥምም፣ የቦሎ ጉዳይም ይጓተታል። ለውጡን ለማስመዝገብ የገባው ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ወረቀቱ። ሰነድ አልባ ሞተር በከንቱ አይረክስም። ቁጥር ፍቆ የድሮውን መምታት ደግሞ ወንጀል ነው፤ ቁጥሩ የተነካካበትን መኪና የሚያውቅ ገዢም አይነካውም።

«ለምን ኤሌክትሪክ አናደርጋትም?» የሚሉም አሉ። ቮልስዋገን ራሱ ኢክላሲክስ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለች ቮልስ አሳይቷል፦ 82 የፈረስ ጉልበት፣ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ በአንድ ቻርጅ 200 ኪሎ ሜትር። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ አይነካውም፤ ለአዲስ አበባ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክብደቷ ግን 1,280 ኪሎ ደርሷል፣ ያቺ ቀላል መኪና አይደለችም። ገንዘቡ ያለው ቢሞክረው አልቃወምም፤ ሻንሲዋን ካልቆራረጡት ወደ ቀድሞው መመለስም ይቻላል፣ የድሮው ሞተር ካለ።

የወረደው ሞተር እንግዲህ ይቀመጥ፤ ቁጥሩ ዋጋ አለውና። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ብዙም ከማይርቀው ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት መኪና ብትገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁጥሮቿ ይገጥማሉ ወይ የሚለው ነው። የእናንተዋ ቤተ መንግሥት ባትደርስም ከሊብሬዋ ጋር የሚገጥም ቁጥር ካላት ዋጋዋ ይለያል። ሙሉው ሞተር ከ100 ኪሎ በላይ ስለሆነ ቦታ ከሌላችሁ ሲሊንደሩንና ቴስታታውን አስፈትታችሁ ሽጡት። ባዶውን ቤት አንድ ሰው ይሸከመዋል፤ ዘይት ተቀብቶ በላስቲክ ከተጠቀለለ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ቁጥሩ ያለበትን ቤት ግን ለቁራሌ አትስጡ፤ መኪናዋ የምትሸጥ ከሆነም ለገዢው አብራችሁ አስረክቡ።